ሰባት ለአንድ

ኖርማን የመጣው ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ፓይ፣ በሊጥ ውስጥ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ፣ ይዞ። ባሌ ክሊፎርድ ከሞተ ሰባተኛ ሳምንቱ ነበር። ኖርማን የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። ገባና የክሊፎርድ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እኔ እንኳ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።

«ከስተሻል እኮ ኢኒድ! ብዪ እንጂ።»

«እበላለሁ። ምን ፈልገህ ነው?»

«ምነው እቴ፣ ሰው ዘመዱን አይጠይቅም እንዴ?» ዓይኑ ግን ወደ ጠረጴዛው መሳቢያ ሄደ። «ያቺን የክሊፎርድን አረንጓዴ ደብተር አልጣልሻትም አይደል?»

ለምን እንደመጣ ያኔ ገባኝ። በማግስቱ የጸደዩ የመጀመሪያ ትልቅ የፈረስ የሸክም ውድድር ነበር። በዚህ ውድድር ደካማው ከብርቱው ጋር እንዲተካከል ፈጣኑ ፈረስ ኮርቻው ላይ የእርሳስ ብረት ይጫንበታል። የሸክሙን መጠን የሚወስኑት ዳኞች ያለፉ ሩጫዎቹን አይተው ነው። ስለዚህ አንዳንድ አሠልጣኝ ረጅም መንገድ የሚወድ ፈረሱን በብርዱ ወራት ሆን ብሎ አጭር ያስሮጠዋል። ፈረሱ ሦስቴ ጭራ ይሆናል፣ ዳኞቹ ሸክሙን ያቀሉለታል፤ በአራተኛው ወደ ልኩ መንገድ ይመለስና ማንም ሳይጠብቀው ያሸንፋል።

ክሊፎርድ የታሪክ መምህር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉትን ፈረሶች ሲለቅም ኖረ። «የሚያሸንፈውን አትፈልጊ፤ ዋጋው የተሳሳተውን ፈልጊ» ይለኝ ነበር። ዋጋ ማለቱ ፈረሱ ካሸነፈ ለአንድ እጅ ገንዘብ ስንት እጅ እንደሚከፈል ነው፤ ያሸንፋል ተብሎ ባልታሰበ መጠን ይበዛል፣ ሰው ሲሻማበት ይቀንሳል። ለእሱ ዋጋው ካማረ የተሸነፈ ውርርድም ትክክል ነበር።

«ብርዱን ሙሉ አንድ ፈረስ ሲጠብቅ ነበር» አለ ኖርማን። «ስሙን ሳይነግረኝ ሄደ፣ ያ ምሥጢረኛ! ስሙን ብቻ ንገሪኝ። ገንዘቤ የሚደርሰኝ ዛሬ ማታ ነው፤ ነገ ጠዋት የውርርድ ሱቁ ሲከፈት ቀድሜ እገባለሁ። ከተወራማ ዋጋው እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው።»

«ደብተሩን አልሰጥህም። ፈልጌ አነብልሃለሁ።»

ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁት፤ ከሆስፒታል ከዕቃዎቹ ጋር ከመጣ ጀምሮ አልከፈትኩትም ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጽሕፈቱ ወደ ታች ተንጋዷል። «የቄሱ ልጅ። ሦስቴ አጭር አስሮጡት። ሃያ ለአንድ ይሰጡታል። በእኔ ስሌት አምስት ለአንድ ነው።» ከሥሩ በዚያው ቀለም እንዲህ ይላል፦ «እኔ ራሴ፣ እስከዚህ ውድድር በሕይወት መቆየት። ኖርማን ሰባት ለአንድ ይሰጣል። በእኔ ስሌት አሥራ አምስት ለአንድ ነው። ዋጋ የለውም። እለፈው።»

ሁለቴ አነበብኩት።

«ሰባት ለአንድ ምንድን ነው ኖርማን?»

ጆሮው ቀላ። «እሱማ ቀልድ ነው እኮ። መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ከልጆቹ ጋር... ክሊፍ ራሱ ሲሰማ ሳቀ። ‹አንተ ቋጣሪ፣ ሰባት ብቻ?› አለኝ።»

«ዋጋውን የቆረጥከው አንተ ነህ?»

«ሰዎቹ እኮ ስለወደዱት ነው፤ ሁሉም የተወራረደው ይኖራል ብሎ ነው! ይሞታል ያለ አንድም ሰው የለም።»

«ካንተ በቀር።»

«እንግዲህ አንድ ሰው ውርርዱን መያዝ አለበት! ደሞ የሰበሰብኩትን ገንዘብ አልበላሁትም። የቀብሩን አበባ ገዛሁበት።»

በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተሠራ ነጭ የአበባ ጉንጉን ነበር፤ ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ያረፈ። ለኖርማን የምስጋና ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። የጉንጉኑን ሪባንም መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የፓይው ስብ ወረቀቱን ዘልቆ ወጥቷል። ሽታው እንዲወጣ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

ሆስፒታል ሳለ ክሊፎርድ ጠዋት ጠዋት ስለ መዳኑ የሚነግረኝ «ግማሽ በግማሽ ነው ኢኒድ» እያለ ነበር። በዋጋ ነገር ዋሽቶኝ ስለማያውቅ አመንኩት። ይህን ለኖርማን አልነገርኩትም።

«የቄሱ ልጅ ነው» አልኩት። «ሃያ ለአንድ።»

ብድግ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ከንፈሩ እርጥብ ነበር። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!» ብሎ ወጣ።

ፓይውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። ጉንጬን በሳሙና ታጠብኩ፣ ደገምኩት። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ዓርብ ዓርብ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ረጅም ሰልፍ አለ። ከፊቴ የቆመችው ሚስስ ኢቦትሰን ነበረች፤ ጆሮዋ ስለማይሰማ ጮክ ብዬ አልኳት፦ «ክሊፎርድ ሲጠብቀው የነበረው ፈረስ ነገ ይሮጣል። የቄሱ ልጅ ይባላል።»

የሥጋ ሻጩ ቢላዋ አየር ላይ ቀረ።

«ስንት ይሰጡታል?» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

«ሃያ ለአንድ። ቶሎ ከሄዳችሁ።»

ማንም ተራውን አልጠበቀም። እኔም ወደ ፖስታ ቤቱ አለፍኩ፤ ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኖርማን ነበር፣ ከመንገድ ስልክ።

«ኢኒድ! ሦስት ለአንድ ነው የሚሉኝ! ትናንት ከተማው በሙሉ ገብቶ ተወራርዷል! አንቺ ሴትዮ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ዋጋ የለውም ኖርማን» አልኩት። «እለፈው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሪባኑን ከመሳቢያው አውጥቼ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ፈረሱ ያሸንፍ አያሸንፍ ማንንም አልጠየቅኩም። ውድድሩ በሚሮጥበት ሰዓት የክሊፎርድን ወንበር በሳሙና ውሃ እያጠብኩ ነበር። እስኪደርቅ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ።