ሻምበልን የጣለው ዓይን

በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች መሀል እንደ ጀማነሽ ያለ ንጹሕ ሴት ተፈልጎ አይገኝም፤ ይህን የምትለው ደግሞ ራሷ ጀማነሽ ናት። የበሯን ደፍ በኦሞ ታጥባለች። እንግዳ ሲነሣ የሶፋውን ዳንቴል ታራግፋለች፤ ያውም እንግዳው ገና በሩን ሳይወጣ። ስለዚህ ልጇ ሀኒ ወደ አገሩ ከሚመለሰው ፈረንጅ አለቃዋ ጊኒ ፒግ የሚሉትን እንስሳ ከነሽቦ ቤቱ ተቀብላ የመጣች ዕለት፣ ጀማነሽ ወንበር ላይ ወጥታ ነበር የጮኸችው።

"አይጥ! ቤቴ አይጥ ይዘሽ ገባሽ!"

"እማዬ፣ አይጥ አይደለም። ጅራት የለውም እኮ።"

"የት ጥሎት ነው?"

ሀኒ አግብታ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ስትሄድ እንስሳው ቀረ። ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን ጀማነሽ ከገበያ ገብታ የጎመኑን ፌስታል ስትፈታ ያ ፍጡር ኮሽታውን ሰምቶ በኋላ እግሮቹ ቆመና አፏጨ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ በመምጣቷ የፈነደቀ አልነበረም። በዚያው ተሸነፈች። ጢሙንና የደረቱን አነፋፍ አይታም ሻምበል የሚል ስም አወጣችለት።

ግቢው ግን "የጀማነሽ አይጥ" ከማለት አልተመለሰም። ሻምበልን በስሙ የምትጠራው ቡዜ ብቻ ነበረች። ቡዜ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ እሷም ባሏ የሞተባት፣ ለብዙ ዘመን ከጀማነሽ ጋር ስኳርና ሐሜት ስትበዳደር የኖረች። ከሰዓት በኋላ ነጠላ ጫማዋን እያንቋቋች ትመጣና ሻምበልን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀርባውን ታክለታለች። "ሲያምር! አቤት ሲያምር!" ትላለች እያከከች።

አንድ ቀን እንዲህ እያለች ሳለ ሻምበል ተንቀጠቀጠ። አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ በጎኑ ወደቀና በአራት እግሩ ይራገጥ ጀመር።

"ክብሪት!" ብላ ጮኸች ጀማነሽ። የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው እንደሚያሸትቱት የማያውቅ የለም። ቡዜ ጫረች፤ ግን ከድንጋጤዋ የተነሣ ጭሱን ብቻ ሳይሆን እሳቱንም አሸተተችው። ሻምበል ሲነቃ የግራ ጢሙ የለም።

በሌላ ቀን ደገመው፤ ከዚያም ሠለሰው። ሁልጊዜ ቡዜ ባለችበት፣ ሁልጊዜ "ሲያምር" በተባለበት ቅጽበት ነው። ጀማነሽ ጠበል ልታመጣ ቂርቆስ ወረደች፤ "ለማን ነው?" ቢሏት መሬት መሬት እያየች "ለቤተሰብ" አለች። በሃይላንድ ሞልታ አምጥታ ረጨችው። ሻምበል አስነጠሰው። በነጋታው ቡዜ መጥታ አቀፈችው፤ አሁንም ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ጀማነሽ ማሰቡን ትታ ማውራት ጀመረች። "እኔ ምንም አላልኩም" አለች የጋራው ቧንቧ ጋ፣ ብዙ ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ሁሉ እንደሚለው። "ግን በቃ፣ የቡዜን ዓይን እንጃ።" ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከቧንቧው ወደ እድሩ፣ ከእድሩ ወደ ማዶው ግቢ ተሻገረ። ጀማነሽም የቡዜን ነጠላ ጫማ ስትሰማ በሯን ትሸጉር ጀመር። ቡዜ አንድ ሁለቴ አንኳኳች፤ ከዚያ ቀረች።

ሻምበል ግን መውደቁን አልተወም። አንድ ጠዋት ጀማነሽ ራሷ ጀርባውን ስታበጥርለት በእጇ ላይ ወደቀ። "ከግድግዳው ወዲያ ሆና እያየችው ይሆን?" አለች መጀመሪያ። ግን እየከሳ ነበር፤ ፌስታል ቢንኮሻኮሽም አያፏጭም። ይሄኔ ፈራች። ሊሞትባት ነው፤ ከሞተ ደግሞ ማታ በሯን ስትከፍት የሚቀበላት የለም። ለሀኒ ስትደውልላት "ሐኪም ጋ ውሰጂው እንጂ" አለቻት። ዘንቢል ውስጥ ከታው ታክሲ ተሳፈረች።

አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዘንቢሉ ሲነቃነቅ አየ። "ዶሮ ነው?"

"አዎ፣ አሞታል።"

"ታዲያ ሳይሞት አይበሉትም?"

ጀማነሽ ዘንቢሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

የእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻት አንዲት ወጣት ዶክተር ናት። ሻምበልን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጀርባውን በጣቷ ብታክለት ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን አንሥታ እስኪረጋጋ ጠበቀችና ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ አየች።

"እማማ፣ እከክ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"እከክ። በዓይን የማይታይ ተባይ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ማሳከኩ ሲበረታበት እንዲህ ይጥለዋል። ሰው ጀርባውን ሲያክለት ደግሞ ይባስ ይቀሰቅስበታል።"

"የኔ ልጅ፣ እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው። ሰይጣን ቢሆንስ?"

"እዚህ ሰይጣን አናክምም።"

ሰይጣን ቢሆን ለጀማነሽ በተሻላት ነበር። ሰይጣን የንጹሕ ሰው ቤትም ይገባል፤ እንዲያውም ይመርጣል ይባላል። እከክ ግን!

"ከሚተኛበት ጭድ ይዞት ይሆናል" አለች ዶክተሯ መርፌውን እያዘጋጀች። ደፍ፣ ዳንቴል፣ መጋረጃ የምታጥበው ሴት ጭድ አጥባ አታውቅም።

"ጢሙንስ ምን ነካው?"

"ክብሪት።"

ዶክተሯ የተቃጠለውን ጢም በጣቷ ዳሰሰች። መርፌውን ወጋችው፤ ጭዱ እንዲቃጠል፣ ሽቦ ቤቱ በፈላ ውኃ እንዲታጠብ አዘዘች፤ ለድጋሚ መርፌ እንድትመለስም ቀጠረቻት።

ግቢው ስትደርስ ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ተሰልፈዋል። ቡዜ ጀሪካኗን ትሞላለች። ኢፍቱ፣ የግቢው አራስ፣ ልጇን ታቅፋ ብቅ ስትል ቡዜ ሕፃኑን ላለማየት ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ኢፍቱ ያም አልበቃት ብሎ የሕፃኑን ፊት በሻሽ ሸፈነች። በዚህ ግቢ ውስጥ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ያጠበች ቡዜ ናት። ጀማነሽ ይህን አይታ በራሷ አፈረች።

"እትዬ ጀማነሽ፣ አይጥዎ ምን ሆነ አሉ?" አለች ኢፍቱ።

ጀማነሽ ቡዜን የሚያድን፣ እከኩንም የሚደብቅ ዘዴ ያገኘች መሰላት። "ነርቭ ነው አሉኝ።"

"ነርቭማ ከዓይን አይደል የሚነሣው?" ኢፍቱ ይህን ያለችው ወደ ቡዜ ጀርባ እያየች ነው። የቡዜ ጀሪካን ሞልቶ ይፈሳል፤ እሷ ግን አልዘጋችውም።

"እከክ ነው!" አለች ጀማነሽ፣ እስከ አስፋልቱ በሚሰማ ድምፅ። "እከክ! ከእኔ ጭድ፣ ከእኔ ቤት! ቡዜ ስታክለት እያሳከከው ነው የሚወድቀው። ምን ዓይን አላት? በሐሰት ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!"

ሴቶቹ ወደ ኋላ አሉ። ኢፍቱ የልጇን ፊት እንደገና ሸፈነች፤ አሁን ግን ከጀማነሽ ነው።

ቡዜ ቧንቧውን ዘግታ ዞረች። "እከክ? ደፉን በኦሞ የምታጥቢው?"

"በኦሞ የማጥበው።"

"ክንዴን ሲበላኝ የከረመው ይሄ ነዋ! እኔ እኮ ኃጢአቴ መስሎኝ" ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ማከክ ጀመረች፤ ሳቋም አመለጣት። "ደሞ ስስቅ አይተሽ የታረቅን እንዳይመስልሽ። ተቀይሜሻለሁ።"

ጀማነሽ እጇን ይዛ አስገባቻትና ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። ሻምበልን ከዘንቢሉ አውጥታ ፊቷ ብታኖረው፣ ቡዜ ለአፍታ አይታው ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

"ሲያስጠላ" አለች።

ጀማነሽ ደነገጠች። ሰው በዓይኔ እጎዳዋለሁ ብሎ ሲፈራ ነው የሚያምረውን ሲያስጠላ የሚለው። ቡዜ እንዲህ ብላ አታውቅም ነበር። ይህን ፍርሃት ያስተማረቻት እሷ ናት፤ እንባዋ መጣ።

"ያምራል በይ።"

"አልልም።"

"እንደ ድሮው በይ እንጂ!"

"ቢወድቅስ?"

"ይውደቅ።"

ቡዜ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች፤ እጇን ግን አላስጠጋችም። "ሲያምር" አለች በቀጭን ድምፅ። "አቤት ሲያምር።"

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ሻምበል የቀረ ጢሙን አነቃነቀ፤ እንደ ቆመ ቀረ። ጀማነሽ "በስመአብ በይ" ልትላት ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሷን ነክሳ ዋጠችው።