የእትዬ በለጥሻቸው ቋጠሮ

እድላዊት መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ስኳር የያዛት ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው፤ ስለዚህ በአንዱ መርፌ አገር ታለብሳለች፣ በሌላው ሆዷን እየወጋች ራሷን ታኖራለች። ሲጠይቋት፣ «የሰው ቆሽት በንዴት ነው የሚያርረው፤ የእኔ ገና በልጅነቴ አርሮ አርፎታል» ብላ ትስቃለች።

ዛሬ ግን ቀልዱ ጠፍቷታል። የምትወደው የሚኒባስ ሾፌር፣ አለምነው፣ ከላላ የምትባለው ከተማ፣ እናቱ ቤት ሊወስዳት ነው። እናቱ እትዬ በለጥሻቸው «ጤነኛ ልጅ አገር ሙሉ ሳለ ምነው በሽተኛ መረጥክ? ሽማግሌ አልልክም!» ብለው ነበር። በስንት ልመና፣ «እስቲ ለማርያም ዝክሬ ትምጣና ልያት» አሉ። እድላዊትም ጤነኛ መስላ ልትታይ ቆርጣ ተነሳች።

እትዬ በለጥሻቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ስኳር ያለባት ትመጣለች ሲባሉ ስኳሩንም ማሩንም ጎረቤታቸው ፈርሂያ ዘንድ አሻገሩት። እድላዊት ስትደርስ ቦርሳዋን ተቀብለው ሊሰቅሉላት ሲሉ ደግሞ ከረሜላ ጢም ብሎበት አዩ። አበስኩ ገበርኩ! ስኳር ታማ ከረሜላ? ልጅቷ ራሷን ልታጠፋ ነው እንዴ? ዝም ብለው አፍሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ይህን እድላዊት አላየችም።

እሷ ያየችው ዳቦው መቅረቡን ነው። ምግብ ደረሰ ብላ ጓዳ ገብታ ኢንሱሊኗን ከኪሷ አውጥታ ተወጋች። ዝክር ካህን ሳይባርከው እንደማይቀመስ በድንጋጤዋ ረስታው! ቄስ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ የሉም። በዚያን ዕለት ማርያምን የሚዘክር ቤት አንድ ብቻ መሰላችሁ? አለምነው ሊፈልጋቸው ወጣ።

ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ፣ ቄሱ የሉም። የእድላዊት ግንባር በላብ ራሰ። ከመርፌው በኋላ ምግብ ስላልቀመሰች ስኳሯ ወርዷል፤ ከረሜላ የምትይዘውም ለዚህ ነው። ዳቦው አፍንጫዋ ስር ነው፤ ግን ካህን ሳይባርክ የቆረሰች ምራት ተብሎ ይወራባት? ቀስ ብላ ተነስታ ቦርሳዋን ከፈተች። ባዶ!

«እትዬ፣ ትንሽ ስኳር ቢሰጡኝ...» አለች በለሆሳስ።

«ስኳር? ለአንቺ? በእጄ ልግደልሽ? አብሽሪ ልጄ፣ ከቤቴ ጠራርጌ አውጥቼዋለሁ። ያንቺንም ይኸው ቋጥሬልሻለሁ!» አሉ፣ በኩራት ቋጠሮውን እያሳዩ።

ስኳር ሲወርድ ይሉኝታም አብሮ ይወርዳል። አንገቷን ደፍታ የገባችው ልጅ ነጠላውን ጨምድዳ ያዘች።

«አንቺ ሴትዮ! አምጪ ከረሜላዬን!»

አማትን «አንቺ»! ቄሱን ይዞ የደረሰው አለምነው በሩ ላይ ደርቆ ቀረና፣ ወዲያው «እማ፣ ስጫት! ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ትሞትብሻለች!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ በለጥሻቸው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ወረቀቱን እየላጡ፣ ያረቢ፣ እመብርሃን፣ እያሉ በእጃቸው አጎረሷት።

ጥቂት ቆይቶ የእድላዊት ነፍስ ተመለሰች፤ ሐፍረቷም አብራ። ያለችው ትዝ ሲላት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። አለቀ፣ አለምነው አመለጣት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ጤነኛ መስዬ ልታይዎት ብዬ ነው።»

«ዝም በይ!» አሉ። «የፈራሁት ምን ነበር? ልጄ በጎልማሳነቱ ሚስቱን ቀብሮ ሲያለቅስ እንዳላይ ነበር። አንቺ ግን ለነፍስሽ ስትይ አማትሽን ትደበድቢያለሽ! እንዲህ ያለችው በዋዛ አትሞትም።» ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ይባርኩ እንጂ፣ ልጅቷ ትብላ! ስንበላም ሽማግሌ እንመርጣለን።»

ሲሸኟት ከረሜላዋን መለሱላት፤ አንዷን ብቻ አስቀሩ።

«አንቺ ማለቱን እንዳትለምጂው» አሉ፣ ያቺን አንዷን በነጠላቸው ጫፍ መልሰው እየቋጠሩ። «ይቺ ግን እዚሁ ትኖራለች። ቤትሽ ስትመጪ ቦርሳ አትፈልጊ፤ ወደ እኔ ነይ።»