ያላለቀው ፓራውልት

«ጫማዬን የት አደረግሽው?»

«የቱን ጫማ?» አለች አክስቷ ከፔርሙዙ ቡና እየቀዳች፣ ዓይኗን ከስኒው ሳታነሳ።

«የቱን ጫማ ትላለች ደግሞ! የሥራ ጫማዬን ነዋ። በሩ ሥር ነበር።»

«የሥራ ጫማ ለሥራ ነው። ዛሬ ያንቺ ሥራ መቀመጥ ነው። ተቀመጪ።»

ልጅቷ ተቀመጠች፤ መቀመጥ ከተባለ። ግድግዳውን ይዘው ከተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች የአንዱ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ አረፈች እንጂ ጀርባዋ መደገፊያውን አልነካም። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ተቀመጪ ሲሏት ትቀመጣለች፣ አፍታ ሳትቆይ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች፣ ነፋስ ገባ ሲሏት ትዘጋለች፣ ያልቆሸሸ ስኒ ታጥባለች። ለቀስተኛው «አይ ኀዘን!» እያለ ይንሾካሾክላታል።

ሰፈሩ የሚያውቃት «እሜቴ» በሚለው ስም ነው። ያወጡላት የአባቷ ጋራዥ ሠራተኞች ናቸው፤ ብየዳ መለማመድ ስትጀምር «እሜቴ፣ እጅዎ እንዳይቆሽሽ» እያሉ ሲያሾፉባት። እሷም መልስ አላጣችም ነበር፤ «የናንተ እጅ ቆሽሾ ምን ሠራ?» ትላቸዋለች። ሹፈቱ እያደር ቀረና ስሙ ተረፈ። ሠራተኞቹም የአባቷን ጠባይ መቻል አቅቷቸው ተራ በተራ ሲሄዱ ጋራዡ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

ከፊት ለፊቷ አጎቷ ተቀምጧል፤ የአባቷ ታናሽ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ። አጠገቡ ያለው መንገድ ወደሌለበት አገር ክትባትና ሐኪም የሚያመላልስ ሹፌር ነው። መኪናው የአባቷ ጋራዥ ውስጥ አፍንጫዋን ተገፍፋ ቆማለች፤ የፊት ፓራውልቷን፣ ግጭት የሚቀበለውን ብረት፣ ድንጋይ በልቶት፣ አባቷ ከብረት ቱቦ አዲስ ሊሠራላት ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ።

«አንተ ስለ መኪናህ አታስብ» አለው አጎቷ። «ባለ ቀዩ በር ነገ ጠዋት መጥቶ ፓራውልቱን ይወስዳል። እሱ ይጨርስልሃል። ጋራዡንም ያየዋል፤ ከተስማማን ይከራየዋል።»

ባለ ቀዩ በር ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ ነው። ከአባቷ ጋር አንድ መንገድ ላይ አርጅተው አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርክ ተባብለው አያውቁም።

«ምኑን ነው የሚያየው?» አለች እሜቴ።

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው አለ።»

«ሰው ስላለማ ነው የምጠይቀው። ጋራዡ ውስጥ እኔ አለሁ አይደል? ወይስ እኔም ከብረት መያዣው ሞርሳ ጋር ተከራየሁ?»

አንዲት ጎረቤት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም።

«አንቺ ልጅ፣ የአባትሽ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ…»

«አፈሩ ሳይደርቅ የሚያከራየው ማነው?»

አጎቷ ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሲከብደው ቶሎ ማውረድ ይወዳል እንጂ። ወደሷ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ያለሱ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ? አንድ።»

እሜቴ አጠገቧ ያለውን ያልቆሸሸ ስኒ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች።

ጎረቤቷ ነገሩን ለማብረድ ወሬ አነሱ። «እሱ ሰው ግን! አንድ ጊዜ አንድ ደልዳላ ሰውዬ መኪናውን ይዞ መጣና ‹ግንብ ቢመታ ግንቡን የሚያፈርስ ነገር ሥራልኝ› አለው። ‹እንግዲያው ግንብ አንጠልጥልባት› ብሎ አባረረው!»

ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። እሜቴ አልሳቀችም፤ የወሬውን ቀሪ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ያን ቀን ሰውየው እየተሳደበ ከሄደ በኋላ አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ብረቱ እሺ ካላለ የመታውን ሁሉ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው የሚያቀብለው» ብሏት ነበር። «ሰው እንዳይጎዳ ቱቦው ይታጠፋል።» አስረድቷት የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሌላውን ሁሉ ራሷ ነው የለቃቀመችው። አባቷ ወረቀት ላይ አይነድፍም። ለስላሳ ሽቦ ቆርጦ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ከመኪናው ፊት ለፊት ይቀመጥና፣ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት እስከ እኩለ ቀን ይፋጠጣሉ። ደንበኛ መጥቶ ያንቀላፋ መስሎት የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ድንገት ሽቦውን ያጥፋል፣ መኪናው ላይ ያስጠጋል፣ ያቃናል፣ እንደገና ያጥፋል። ቱቦው የሚታጠፈው ሽቦው ካለቀ በኋላ ነው። እሷ ግን ከአሮጌ የመኪና መጽሐፍ ሥዕልና ከስልክ ቪዲዮ፣ ቁርጥራጭ ብረት እያቃጠለች ራሷን ያስተማረች ናት። እያንዳንዷን እጥፋት ለክታ በቁጥር ትጽፋለች። «ሜትር እያለ ሽቦ ምን ይሠራል?» ትለው ነበር። አይመልስላትም። የመልስ ያህል የሚያፏጨው ነገር ነበረው፤ እሱም ያናድዳታል።

የመጨረሻው ጭቅጭቃቸው በዚሁ ፓራውልት ነው። ጠረጴዛው ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር፤ እግሮቹ በቡሎን ከመኪናዋ የሥር አጥንት ከሻንሲው ጫፎች ጋር የሚታሰሩት ናቸው። ስታልፍ ዓይኗ ያዘው።

«አባዬ፣ ቀኙ ከፍ ብሏል።»

«አላለም።»

«ውሃ ልክ ላምጣ?»

«ውሃ ልክሽን ለግንበኛ ስጪ። መኪናዋን እያት።»

«ዓይንህ ደክሟል እኮ! ብታምን ምን አለበት?»

አላፏጨም። መበየጃውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ቤት ሄደ። ያን ሌሊት ልቡ ቆመ።

እንግዲህ ለቀስተኛው የማያውቀው ይህንን ነው። ዕረፍት የሚነሳት ነገ ጠዋት ነው። ባለ ቀዩ በር ጠማማውን ፓራውልት ገና ሲያየው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከዚያ መንገዱ ሁሉ «ምስኪን፣ መጨረሻው ላይ ታውሮ ነበር» እያለ ያወራዋል። እሷ ልትለው ትችላለች፣ ልጁ ናት። ያ ሰውዬ ግን አይለውም።

አክስቷ ስኒ ልትሰበስብ ወደ ጓዳ ስትገባ እሜቴ ተነሳች። የአክስቷን ነጠላ ጫማ በሩ ላይ አገኘችና ተረከዟ ወደኋላ እየተረፈ ወጣች።

ጋራዡ ከቤቱ ጥግ ዞር ሲሉ ነው። በሩን ስትከፍት የከሰዓት ፀሐይ አቧራውን አበራው። ፓራውልቱ እንደተወው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ መገጣጠሚያዎቹ በብየዳ ነጥብ በነጥብ ተይዘው። ውሃ ልኩን ዋናው ቱቦ ላይ አስቀመጠች። አረፋዋ ወደ ቀኝ ሮጠች። ሜትር ዘረጋች፤ የቀኙ እግር ከግራው በአውራ ጣት ስፋት ይረዝማል።

«አላልኩህም?» አለች ጮክ ብላ። ድል አድርጋ ማልቀስ አማራት፤ ግን ጊዜ የላትም። የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረች፣ መነጽር አጠለቀች፣ ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን አስነሳች። ብልጭታው ቀሚሷ ላይ ዘነበ። ከቀኙ እግር ላይ አንድ ቀለበት ተቆርጣ መሬት ላይ እየተንከባለለች ሄደች። እግሩን መልሳ በነጥብ ያዘችውና ውሃ ልኩን አስቀመጠች። አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች።

ትንፋሿን ለቀቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ መኪናዋን አየቻት።

የአባቷ ሽቦ እዚያው ከመኪናዋ አፍንጫ ጋር ታስሮ ነበር። የታሰረውን ስትፈታ ለምን እንደፈታችው አታውቅም፤ ልታስቀምጠው ይሆናል። አዲስ ካቃናችው ፓራውልት ጋር አስጠጋችው። አልገጠመም። የሽቦው ቀኝ እግር ይረዝማል። «ይኸውልሃ፣ ሽቦውም አብሮህ ተሳስቷል» አለችና ወደ መኪናዋ መለሰችው፤ ጠማማነቱን በዓይኗ ልታየው።

ሽቦው ከኮፈኑ ጠርዝ ጋር እንደ ክር ቀጥ ብሎ አረፈ።

ገፋችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ቀጥ አለ። ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ቀሚሷን ረስታ ሲሚንቶው ላይ ተኛችና ከሥር አየች። የሻንሲው ቀኝ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። የአሮጌ ጥገና ጠባሳ አለበት።

«ገደል ገብታ ነበር» አለ ከበሩ በኩል ድምፅ። ሹፌሩ ነው፤ መኪናው ውስጥ የረሳውን ጃኬት ሊወስድ መጥቶ ቆሞ ያያታል። «ካወጣናት በኋላ ሻንሲዋን አቃንተነው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አባትሽ ‹ደግሜ ባሞቀው ይሰነጠቃል። እሷ ባለችበት ትኑር፤ ፊቷን እኔ አቃናላታለሁ› አለኝ።»

እሜቴ ከመኪናዋ ሥር አልወጣችም። «ለኔ አልነገረኝም።»

«ጠየቅሽው?»

ስትወጣ ፀጉሯን የመኪና ቅባት፣ ግራሶ፣ ነክቶት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አካለ ስንኩል ያደረገችውን ሥራ አየችው። በሕይወቱ የመጨረሻ የሠራውን ነገር፣ ልክ የነበረውን፣ በገዛ እጇ ቆርጣዋለች። አባቷ የደከመ ዓይን አልነበረውም። መኪናዋን አይቶ ነበር፤ እሷ ያየችው ጠረጴዛውን ነው።

«ኧረ በእግዜር!» አጎቷ በሩ ላይ ደረሰ፣ እያለከለከ። «ሰው ሞልቶ ባለቤት የለም! አክስትሽ ጫማዬ ተሰረቀ ትላለች… ምንድነው ይሄ? በሐዘን ልብስሽ ግራይንደር?» ከዚያ መሬት ላይ የወደቀችውን ቀለበት አየ። ከወንድሙ ጋር ያደገ ሰው ነው፤ ብረት ማየት አያቅተውም። «ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት።»

«የሱን ሥራ?»

«የሱን ሥራ። እሱ ልክ ነበር፣ እኔ ተሳሳትኩ። እንድትጮህብኝ ከፈለግክ ጩህ፤ ስትጨርስ ግን ያንን ረጅሙን ቱቦ አቀብለኝ።»

አጎቷ ለመጮህ አየር ሳበ። ሹፌሩ ጃኬቱን መኪናው ላይ ጣል አድርጎ ቱቦውን ከመደርደሪያው አነሳላት።

ቀለበቷን መልሳ ብትበይዳት ይቀላት ነበር፤ ግን በሁለት የብየዳ ስፌት የቆመ እግር ባልሆነ ድንጋይ ላይ ይከዳል። አዲስ እግር ነው የሚያስፈልገው። ግን አልጣደፈችም። ጣሳውን ገልብጣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሜትሩ ኪሷ ውስጥ ነበር፣ አላወጣችውም። ኮፈኑን አየች፣ መብራቶቹን፣ የወረደውን ሻንሲ፣ ጎማው ሲዞር የሚያልፍበትን ክፍት ቦታ። አጎቷ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየና አንዴ «ምን እየሆንሽ ነው?» አለ። ሹፌሩ «ተዋት» አለው። አጎቷም ሳያስበው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ከተነሳች በኋላ ግን እጇ አልቆመም። ቱቦውን በሽቦው ልክ ቆረጠች፣ ጫፉን ዋናውን ቱቦ አቅፎ እንዲይዝ በግማሽ ጨረቃ ሞረደችው። በነጥብ ያዘችው፣ ሽቦውን አስጠጋች፣ በመዶሻ ትንሽ መታችው፣ እንደገና አስጠጋች። ከዚያ መከላከያውን ፊቷ ላይ አውርዳ በየደች፤ ቱቦው በአንድ ወገን ሙቀት እንዳይጎተት አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ እያለች። የሱን ነጥቦችም ዘግታ ጨረሰች። ግራው እግር የሱ ነው፣ ቀኙ የሷ። ስፌቷ ከሱ ይጠባል፤ «ይሄ ለቆርቆሮ ነው» ይላት ነበር።

«ባለ ቀዩ በር ነገ ሲመጣ ምን ልበለው?» አለ አጎቷ። ድምፁ ውስጥ ጩኸት አልቀረም ነበር።

«ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ በለው። ቡና ቅዳለት። ሰውየው ለቅሶ ሳይደርስ እኮ ነው የቆየው።»

አጎቷ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ በአፍንጫው አመለጠው። ተነሳ፣ ኮቱን አውልቆ ሞርሳው ላይ ሰቀለ። «እሺ፤ ምን ልርዳ?»

«መኪናዋ ላይ መስቀል ነው የቀረን። ቀለሙ ይቆያል።»

ሹፌሩ ቡሎንና ማጥበቂያ ዳዶውን ይዞ መኪናዋ ሥር ገባ። አጎቷ በቀኝ በኩል ቆመና የቱቦውን ጫፍ ጨበጠ። እሜቴ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በግራው በኩል ጎንበስ አለች፣ ያዘች፣ ጠበቀች።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ አጎቷ።

የምትጠብቀውን ያወቀችው ያኔ ነው። ከቀኝ በኩል የሚመጣውን የአባቷን «አንሺ» ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ፓራውልት እሱ ሳይላት አንስታ አታውቅም።

ቱቦውን ለቀቀች። ቀና አለች፣ መኪናዋን ዞራ በአጎቷ ጎን መጥታ ቆመች።

«አጎቴ፣ አንተ በወዲያ በኩል ያዝ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

አጎቷ ፊቷን አየና ወደ ግራው ዞሮ ሄደ። እሜቴ በቀኙ በኩል እግሯን አራርቃ ጎንበስ አለች፣ ገና ያልቀዘቀዘውን ቱቦ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«አንሳ» አለች።