የሁለት ምድጃ ማድ ቤት

«እትዬ ወርቅቱ፣ የእጅ ውሃ አለቀ» አለች የሰፈሯ ሴት ቲቲ፣ ባዶውን ጆግ በድንኳኑ መጋረጃ ሥር እያሾለከች።

ወርቅቱ ጆጉን ተቀብላ ከበርሜሉ ቀዳች። ሳልስት ስለሆነ ሰዉ በዝቷል። ድንኳኑ የተተከለው በጎረቤቷ በማሪቱ ግቢ ነው፤ የሞተችውም ማሪቱ ናት። ፍራሹ ላይ ከደሴ የመጣው ወንድሟ ተድላና አንዲት የአጎቷ ልጅ ተቀምጠዋል። የሚገባው ሁሉ እነሱ ፊት ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ከዚያ ወደ ወንበሩ ሲያልፍ ወርቅቱን ያገኛትና ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃታል።

ወጉ ነው። ፍራሽ የሥጋ ዘመድ ቦታ ነው፤ ጎረቤት ቆሞ ያስተናግዳል። ወርቅቱም በስንቱ ለቅሶ ቤት ቆማ ውሃ ቀድታለች፣ ሳህን አንሥታለች፤ አንድም ቀን ከብዷት አያውቅም። አሁን ግን ከበዳት። እዚያው በርሜሉ አጠገብ ብታለቅስ ሰው ጭስ ገባባት ነው የሚለው።

በድንኳኑና በሷ ቤት መካከል ያልተጨረሰው ማድ ቤት ቆሟል። ብሎኬቱ ወገብ ድረስ ወጥቷል፤ ጣራ የለውም። መሃሉ ላይ ሁለት ምድጃዎች ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ አንዷ ሴት በዚህ፣ አንዷ በዚያ ቆማ ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲያበስሉ። እሳት ገና አልነካቸውም። በማሪቱ ምድጃ ላይ የእድሩ ሴቶች ሳህን ቆልለውበታል።

ሐሳቡ የማሪቱ ነበር። ማሪቱ ለወርክሾፕ ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች የምትኖር፣ ትዳር ያልጸናላት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሳቋ አምቦ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበረች። ወርቅቱ ደግሞ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ ከአራት ግድግዳ ጋር የቀረች። በመካከላቸው የቆርቆሮ አጥር ነበር። ሲመሽ እያንዳንዳቸው በየደጃቸው እራት ሲሠሩ በቆርቆሮው አሻግረው ያወሩ ነበር፤ ሳይተያዩ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ወሬያቸውን ይበላዋል።

አንድ ቀን በዚያ ዝናብ ውስጥ ማሪቱ ጮኸች። «ወርቅቱ፣ ሰምተሽኛል?»

«አልሰማሁሽም።»

«በቃ፣ ኮንትራክተር ልቀጥር ነው።»

ወርቅቱ ሳቀች። ለማድ ቤት ደግሞ ኮንትራክተር ይቀጠራል? እንጨት አቁሞ ጭቃ መምረግ ነው እንጂ። ማሪቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ማድ ቤት ጭስ ስትውጥ እንደኖረች፣ ለራሷ ሲሆን ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው እንደሚገባት ነገረቻት። አጥሩ ፈርሶ አንድ ማድ ቤት ለሁለት ቤት እንዲሆንም እዚያው ወሰነች። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ በስልኩ የቪላ ማድ ቤት ፎቶ እያሳየ ስለ ሴራሚክ ሲያወራ፣ ቤቱ ወጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ሠራተኛ አለች ሲላት ሸኘችው። ሁለተኛው ገመቺስ ነበር። እሱ ላጤ ነኝ፣ ራሴ ነኝ የምሠራው፣ ሽሮዬም ሁልጊዜ ይገነፍልብኛል አለ። በዚያው ተቀጠረ።

ገመቺስ ምድጃዎቹን እንደ ሰው ሁሉ ወደየግድግዳው ሊያስጠጋቸው ነበር።

«ታዲያ ከግድግዳ ጋር ላውራ?» አለችው ማሪቱ። «የዚችን ሴትዮ ፊት እያየሁ ነው የምሠራው። እዚህ አጥር ሥር ይህን ያህል ዓመት ስንጨቃጨቅ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ድምፅዋን ነው የማውቀው።»

ወርቅቱ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ይገባል ብላ ተከራከረች፤ ማን ሥራ ላይ ፊቱን ያስመለክታል ብላ ተቆጣች፤ ኮርፋ ቤቷ ገባች። ማሪቱ ደግሞ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በማግስቱ ወርቅቱ መዶሻ ይዛ ወጣችና የአጥሩን ምስማር ራሷ መንቀል ጀመረች። በክርክር የተሸነፈችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ብሎኬቱ ወገብ እንደ ደረሰ ማሪቱን ራሷን አመማት። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሆስፒታል ገባች፤ በእግሯ አልተመለሰችም።

ወርቅቱ የሞላውን ጆግ ልታቀብል ስትል ከመጋረጃው ወዲያ ቲቲ ከጎኗ ላለችው ሴት ስታንሾካሹክ ሰማች። አጥሩን ያፈረሰችው መሬት ልትቆርስ ነው፤ ማሪቱ ልጅ የሌላት ሴት መሆኗን አይታ ነው፤ ማድ ቤቱ ሰበብ ነው። ሌላዋም ለተድላ ነግረውታል፣ ሰምቷል አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርቅቱ መጋረጃውን ገልጣ ትገባ ነበር። በሰፈሩ እሷን በነገር የረታ የለም። ግን ከጠብ በኋላ ማታ ሁሉንም አንድ በአንድ የምትተርክላት፣ «አበጀሽ፣ ጨምሪ» የምትላት ሴትዮ የለችም። ጆጉን መሬት ላይ አስቀምጣ ማድ ቤቱ ውስጥ ገባችና በራሷ ምድጃ በኩል ቆመች። ከፊቷ የሳህን ቁልል ነበር።

ገመቺስ የመጣው ያኔ ነው። ፍራሹ ጋ ደርሶ ወግ አድርሶ፣ ከዚያ ዓይኑ ሲፈልግ ቆይቶ ወደ እሷ መጣ። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጀባዻ፣ አዴ ወርቅቱ» አላት ዝቅ ብሎ። በኦሮምኛ፣ ወይዘሮ ወርቅቱ በርቱ ማለቱ ነው።

እስከዚያች ሰዓት ይህን ቃል ማንም አላላትም ነበር። ከማሪቱ ምድጃ ላይ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች። እሱም አብሯት አነሣ።

ምድጃው ባዶ እንደሆነ ተድላ ነጠላውን እየሰበሰበ ከድንኳኑ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚለውን ሲለው ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ነገ ወደ ደሴ ይመለሳል። ቤቱን ሊያከራየው ነው፤ ወሰኑ ክፍት የሆነ ግቢ ደግሞ ማንም አይከራይም። ገመቺስ ከመጣ አይቀር በድሮው መስመር ላይ የብሎኬት ግንብ እንዲያስጀምርለት ይፈልጋል።

«እትዬ ወርቅቱ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለ። «ሰው ብዙ ይላል። ወሰኑ ከተለየ እርስዎም ያርፋሉ፣ እኔም አርፋለሁ።»

ገመቺስ ድንኳን ሳይነሣ ግንብ ሲጀመር አይቼ አላውቅም ብሎ አንገራገረ።

«ዛሬ ይሁን» አለች ወርቅቱ። «ይኼ ሁሉ ሰው ባለበት። ሲባጎህን አምጣ።»

ከፊት ካለው የወሰን ድንጋይ እስከ ኋላው ድንጋይ ችካል ተመትቶ ሲባጎው ተወጠረ። ሰዉ ከድንኳኑ እየወጣ ከበበ፤ ቲቲም ወጣች። ለማንም ማብራራት አላስፈለገም። የማድ ቤቱ ብዙው ክፍል ያረፈው በወርቅቱ መሬት ላይ ነው። ሲባጎው የማሪቱን ምድጃ መሃል ለመሃል ከፍሎት ያልፋል።

«በማሪቱ በኩል የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። አፈሩ ግንብ አይችልም» አለ ገመቺስ፣ ለተድላ ብቻ ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማው። «ወደኔ ግፋው ያሉኝ አዴ ወርቅቱ ናቸው።»

ቲቲ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ተድላ ሲባጎውን አየ፣ ወርቅቱን አየ፣ ፊቱ ቀላ። እንዲያ ከሆነ መስመሩ በልኩ ይሂድ፣ የእኅቴ ምድጃ ይፍረስ፣ የእርስዎን መሬት ስንዝር አልነካም አለ። በቅንነት ነው ያለው። ገመቺስም መዶሻውን አነሣ።

ወርቅቱ ስሟ ነጽቷል፤ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ይህን የምትነግረው ሰው ስታስብ የመጣችላት ማሪቱ ብቻ ናት።

«አይፈርስም» አለች።

«እትዬ፣ መሬቱ እኮ የእርስዎ ነው።»

«መሬቱ የኔ ነው። ምድጃው የሷ ነው።»

ጎንበስ ብላ የኋላውን ችካል ነቀለች። ሲባጎው ላልቶ ወደቀ። ችካሉን ይዛ ወደ ራሷ ግቢ ገባች፤ በዓይኗ ለካችና በድንጋይ መታችው። የፊቱንም ሄዳ እንደዚያው አደረገች። ሲባጎው እንደገና ሲወጠር የማሪቱን ምድጃ ሳይነካ በሁለቱ መካከል አለፈ።

ገመቺስ ከማድ ቤቱ ሥራ የተረፈውን አሸዋና ሲሚንቶ ለወሰ። ከመናገሻ ተራራ በኩል ነፋስ ተነሥቶ ሲባጎውን ሲያወዛውዘው፣ ወርቅቱ በሁለቱ ምድጃዎች መሃል ተንበረከከችና የመጀመሪያው ብሎኬት እስኪቀመጥ ድረስ በሁለት ጣቷ ያዘችው።