እስከ ግንቦት አይቆይም

በፈረንጆች 2019 ጥር ሊያልቅ ሲል ሚኒያፖሊስ ላይ ውርጭ ወረደ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ፖስታ ቆመ። ፊሊፕስ ሰፈር መኪና አልነሳ አለ፤ ቧንቧ ፈነዳ፤ ሰው ከደጁ አልወጣም። መሬቱ እስከ ወገብ ጥልቀት ድረስ ድንጋይ ሆነ። ሲጉርዱር የሞቱት በዚያ ሳምንት ነው።

ኤዶሳ መርዶውን የሰማው ከድሮ የሥራ ባልደረባው እንጂ ከልጃቸው አልነበረም። ኤዶሳ ዕድሜውን ሙሉ አብሯቸው ሠርቷል። ሲጉርዱር በወጣትነታቸው ከአይስላንድ መጥተው፣ በበረዶ ወራት ለሚገነቡ ሰዎች የቀዘቀዘ መሬት የሚያቀልጥ ድርጅት እዚያው አጠገብ ኒው ሆፕ ከተማ ላይ ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ሥራው ትዕግሥት ነው። ማሽኑ የጋለ ፈሳሽ በጎማ ቱቦ ይልካል፤ ቱቦው መሬት ላይ እየተጠማዘዘ ይዘረጋል፤ በላዩ ወፍራም ልባስ ይደረብበታል። መሬቱ ቀስ እያለ ይለሰልሳል።

ያገራቸውን ሰዎች ማኅበር የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። አዳራሽ ሠሩላቸው፤ ለልጆቻቸው ሥራ ሰጡ፤ የተጣላ አስታረቁ። አይስላንዳውያን እንደኛው ከስማቸው ኋላ የአባታቸውን ስም ነው የሚጠሩት። ኤዶሳ ይህን ባወቀ ጊዜ «ኦቦ ሲጉርዱር» ይላቸው ጀመር፤ በኦሮምኛ፣ እንዳገሩ ትልቅ ሰው።

ሲያረጁ ማኅበሩ «አሁን ይረፉ» ብሎ ከወንበሩ አነሳቸው። ድርጅቱን ልጃቸው ሄልጋ ሸጠችው። አሮጌውን ማሽን ግን ለኤዶሳ ሰጡት።

«ጋራዥህ ውስጥ አቆየው» አሉት። «አንድ ሥራ ይቀረዋል።»

ሥራው ምን እንደሆነ ኤዶሳ ያውቃል። ሚስቱ ዘነቡ የሞተችውም እንዲህ ባለ ውርጭ ነበር። ከከተማ ወጣ ያለችው የቤተ ክርስቲያን መቃብር በበረዶ ወራት አትቆፈርም፤ ሬሳው ማቀዝቀዣ ቤት ቆይቶ ግንቦት ሲገባ ይቀበራል። ኤዶሳ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ሲጉርዱር ግን በሚስታቸው መቃብር አጠገብ ለዘመድ ከያዙት ቦታ ለዘነቡ ሰጡ። ቱቦውን ዘረጉ፤ መኪናቸው ውስጥ እያደሩ ማሽኑን ጠበቁ፤ መሬቱ ሲለሰልስ አብረው ቆፈሩ። አፈሩን ሲመልሱ እንዲህ አሉት፦

«እናቴ በበረዶ ጊዜ ሞታ፣ መሬቱ እስኪፈታ ጎተራ ውስጥ አስቀመጧት። ልጅ ነበርኩ። በጎቹን ላበላ ስሄድ በየቀኑ ባጠገቧ አልፋለሁ።»

«ኦቦ ሲጉርዱር፣ ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?»

«የእኔን አንተ ታቀልጣለህ።»

አሁን ኤዶሳ ለሄልጋ ደወለ።

«እስከ ግንቦት ይቆያል» አለችው። «ከአይስላንድ እንግዶች ይመጣሉ፤ ማኅበሩም ንግግር ያዘጋጃል። በዚህ ብርድ ማን ይመጣል?»

ማኅበሩ የዚያን ሳምንት ቅዳሜ የበረዶ ወራት ግብዣውን አልሰረዘም። ለመሥራቹ ተነሥተው ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ምግብ ይቀርባል።

ኤዶሳ ወደ ዋቁማ ሄደ። ዋቁማ ኤዶሳ ያለበት ያገሩ ሰዎች እድር ሰብሳቢ ነው።

«ሰውየው አባል ናቸው እንዴ፣ ኦቦ ኤዶሳ?»

«አይደሉም።»

«እንግዲህ ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ። ለፈረንጅ ሁሉ አካፋ ይዘን ከወጣን እኛን ማን ይቀብረናል?»

«ዘነቡ ስትቀበር አንተ የት ነበርክ?»

ዋቁማ አንገቱን አከከ። «መኪና ውስጥ። ሂተር አብርቼ።»

«እሳቸው ውጭ ነበሩ።»

ዋቁማ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ።

ከእድሩ ረጋሳን ጨመሩና ሦስት ሽማግሌ ሆነው ክሪስታል ከተማ ወደ ሄልጋ ቤት ሄዱ። ተቀመጡ አለች። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ ሁሉ ጎን ለጎን ቆሙ። የጫማቸው በረዶ ምንጣፏ ላይ ቀለጠ። ሄልጋ ካንዱ ወደ ሌላው እያየች ቆየችና ወደ ውስጥ ገብታ ቼክ ይዛ ወጣች።

«አባቴ ደሞዝ አስቀርቶባችሁ ነው?»

«ለገበያ የመጣን መሰላት» አለ ዋቁማ በኦሮምኛ። ረጋሳ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኤዶሳ አልሳቀም። ቃል የገባላቸውን ነገራት፤ የጎተራውንም ነገራት።

ሄልጋ ቼኩን ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ይህን እኔ አላውቅም። ላንተ ለምን ነገረህ?»

«መሬት እየቆፈርን ነበር።»

«እሺ፣ አድርጉት» አለች በመጨረሻ። «እኔ አንዳች ወጪ አላወጣም። ሐውልቱና ንግግሩ ግን በግንቦት ነው።»

«ንግግሩ የእናንተ ነው» አለ ኤዶሳ።

ያን ጊዜ ተቀመጡ።

የመቃብሩ ጠባቂ ኤዶሳን ያስታውሰዋል፤ ቆሻሻ አትተዉ ብሎ ብቻ በሩን ከፈተለት። አሮጌው ማሽን ሲያስነሡት አጓራ፤ ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ኤዶሳ ቱቦውን ከሲጉርዱር ሚስት ጎን ዘርግቶ አለበሰው። ማሽኑን የጠበቀው እንደ እሳቸው መኪናው ውስጥ እያደረ ነው። ጢሙ ላይ ትንፋሹ በረዶ ሠራ። ቅዳሜ ጧት ልባሱን ሲገልጥ ከመሬቱ እንፋሎት ወጣ፤ ጥቁር አፈር ታየ።

የእድሩ ሰዎች በየመኪናቸው መጡ፤ ቱቦውን ወደ ጎን ስበው ጉድጓዱን ቆፈሩ። ከማኅበሩ የመጣ አበባ እንጂ ሰው አልነበረም። አበባውን ከመኪና ሲያወርዱት እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ሄልጋ ሞተር ሳታጠፋ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። ከመስተዋቱ ኋላ ስታለቅስ ትታያለች፤ አልወረደችም። በሕይወታቸው አንድ ቀን አግኝተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ሲጉርዱርን በትከሻቸው ተሸክመው አወረዷቸው።

አፈሩን ለመመለስ መጀመሪያ አካፋ ያነሣው ዋቁማ ነው።

«ዛሬስ ሂተር የለም» አለው ረጋሳ።

«ዝም ብለህ ዛቅ።»

እየተቀባበሉ ሞሉት። ሲጨርሱ ኤዶሳ ማሽኑን አጠፋ፤ ቱቦውን ጠቀለለ። ከዚያ ወደ ዘነቡ መቃብር ሄዶ በጓንቱ ከስሟ ላይ በረዶ ጠረገ።

«ሰውየው መሬት ገብተዋል» አላት። «ዕዳ የለብንም።»