የወይዘሮ እምቢ ፊርማ

የጨረር ለኪዋን ሆስፒታሉ በሙሉ «ወይዘሮ እምቢ» ይላታል። በሌለችበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ሥራዋ፣ ልጆቼ፣ እንዲህ ነው፦ ጉበቱ ላይ ካንሰር ለወጣበት ሰው ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባና፣ ከአሸዋ የደቀቁ ጨረር ያዘሉ ቅንጣቶች እስከ ዕጢው ድረስ ይልካል። ቅንጣቶቹ ዕጢውን ያቃጥሉታል፤ ጎረቤት የሆነውን ጤነኛ ጉበትም ሳይለበልቡ አያልፉም። ምን ያህሉን እንደሚለበልቡ፣ የቀረውም ሰውየውን ያኖር እንደሆነ አስቀድማ አስልታ የምትፈርመው እሷ ናት። ያለ ፊርማዋ ጠርሙሱ አይከፈትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጠርሙሱ በእርሳስ ሣጥን ታሽጎ ደረሰ። ኃይሉ በሦስት ቀን እኩሌታው ስለሚጠፋ ነገ ይደርሳል የሚባል ነገር የለም። የመጣው ጡረታ ለወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጓደኞቹ «ተሳቢ» ይሉታል። ይህቺን ቀን አራት ወር ጠብቋታል።

ሌላ ለኪ ቢሆን ፋይሉን አይቶ ይፈርማል። እሷ ግን ሰውየውን በዓይኗ ሳታይ ብዕር አታነሳም። ገባች። ተሳቢ የሆስፒታል ቀሚስ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እንደምታዪኝ። በስተርጅና ቀሚስ አለበሳችሁኝ።»

«መነጽሩን ቢያወልቁልኝ?»

«በጉበቴ ነው የመጣሁት በዓይኔ?»

አጠገቡ የቆመችው እህቱ ጣልቃ ገባች። «ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ እያየ ነው የነዳው። ብርሃን አይችልም።»

«መጋረጃው ተዘግቷል እኮ።»

«ትራፊክ ነሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ?» አለ ተሳቢ። «መንጃ ፈቃዴንም ላውጣልሽ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። አለመነሳቷ ሲያንገበግበው ጊዜ መነጽሩን መንጭቆ ወረወረው። ዓይኑ የእንቁላል አስኳል መስሏል።

«ፋይሉ ላይ ያለው የደም ውጤት አንድ ወር ያለፈው ነው» አለች ወደ እህቱ ዞራ። «ይኼ ቢጫ መቼ ጀመረው?»

«እኔ ላይ ምን ታፈጥጫለሽ! ‹ካዩኝ ይመልሱኛል› አለኝ፤ መነጽሩን ገዛሁለት። ይኸው እሰሪኝ!»

ደም ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙም የጨረር መከላከያ ሽርጡን እንደታጠቀ ተከትሎት ገባ።

«ፈርሚ።»

«አልፈርምም። የደሙ ቢጫ ከልኩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የጉበቱን ሁለቱንም ጎን ብታቃጥልበት ዕጢዎቹ ይሞታሉ፤ እሱም በሁለት ወር ውስጥ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ይከተላቸዋል።»

«ደግሞ ነቢይ ሆንሽ?»

«ነቢይ ብሆን ኖሮ አንተ የተቀጠርክ ዕለት ሥራዬን እለቅ ነበር።»

«ፈርሚ እንጂ!» ብሎ ጮኸ ተሳቢ። «ጉበቱ የአባትሽ ነው?»

ባዶ እጁን ብትመልሰው በቀኝ በኩል ያለው ትልቁ ዕጢ እንደሚጨርሰው ታውቃለች። ምስሉን ከፍታ እንደገና አሰላች፣ ደግማም አሰላች። በመጨረሻ ጣቷን አንዲት የደም ሥር ቅርንጫፍ ላይ አሳረፈች።

«ትልቁን ዕጢ የምትመግበው ይህቺ ናት። በእሷ ብቻ ግባ፤ የጠርሙሱንም ሩብ ብቻ ስጥ። የግራዎቹ ሁለት ትንንሾች ይቆዩ።»

«ሦስት እጁን ልድፋው?»

«ሰው ከሚደፋ እሱ ይደፋ።»

«የተውሻቸው ቢያድጉ በአንቺ ነው። ጻፊው!»

ጻፈችው፤ ከሥሩም ፈረመች።

ተሳቢ ግን አልበረደለትም። «ሩብ ጭነት? እኔ ሩብ ጭነት ይዤ ወጥቼ አላውቅም!»

«ፍሬኑ ያለቀ መኪና ላይስ ሙሉ ይጭኑ ነበር?»

ተሳቢ ወደ ግድግዳው ዞረ። «አልጭንም» አለ በግድ። «ሂጂ አሁን ከፊቴ።»

ሩቡ በተሰጠው በሦስተኛው ወር ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ እንደገና ተፋጠጡ። ትልቁ ዕጢ ሞቷል፤ ሲሟሽሽም ተጭኖት የነበረውን የሐሞት ቱቦ ለቆታል፤ የደሙም ቢጫ ወደ ልኩ ወርዷል። ከግራዎቹ አንዱ ግን አድጓል። ሐኪሙ ምስሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

«ይኸው ትንቢትሽ!»

«አደገ፤ እውነት ነው» አለች። «አሁን ግን ጉበቱ ይችላል። ለግራው ሌላ ጠርሙስ እንዘዝለት።»

«እንደገና አራት ወር?» አለ ተሳቢ።

«ቢፈጥን ሁለት።»

«እግዜር ይይልሽ!» አላት ጥርሱን ነክሶ።

እርግማኑን እንደ ሰላምታ ተቀብላ የማዘዣውን ቅጽ ሐኪሙ ፊት አኖረች። ሐኪሙ ቀና ብሎም ሳያያት ፈረመ። ተሳቢም ብዕሩን ከእጁ ነጥቆ፣ በሽተኛው በሚፈርምበት መስመር ላይ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ተጭኖ ፈረመ።