ቀዩ የካንዴላ ገመድ

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰው ሳይቀድመኝ ልናገረው ብዬ ነው እንጂ ባለቤቴ ከተጋባን ማግስት ጀምሮ ታውቀዋለች። ሥራዬ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ መዘርጋት ነው። አንዲት ማብሪያ ለመፍታት ቆጣሪው መጥፋቱን ሦስቴ ተመላልሼ አያለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለሚስቴም የምተርፍ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣን ቀን፣ ባለቤቴን ለወሊድ ይዣት ስሄድ፣ መኪናችን ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ስንደርስ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመኪናዋ ያላደረግሁላት የለም፤ የቤንዚን ፓምፕ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ራዲያተር አሳጠብኩ። ባለቤቴ እንደገና ፀንሳ ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ ያ ዳገት በህልሜ ይመጣብኝ ጀመር።

ቀዩን ገመድ ያሳየኝ አንድ መለዋወጫ ሻጭ ነው። ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው፤ እሳቱን ወደ አራቱ ካንዴላዎች የሚያደርሱት ደግሞ አራት ገመዶች ናቸው። የሰውዬው ገመድ አውራ ጣት የሚያህል፣ ደማቅ ቀይ ነበር።

“ይህን አስገባና ዳገት ዳገት አይመስልህም” አለኝ። “ጉልበቷ በአንዴ ነው የሚጨምረው!”

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እኔ ግን ለጊዜው ተጠራጥሬ ወደ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሄድኩ፤ መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የድሮዎቹን ገመዶች መለካት ጀመረ። አንዱን ይነቅላል፣ ይለካል፣ ቦታው ይመልሳል፤ ሳይመልስ ሌላውን አይነካም።

“ደህና ናቸው። አትንካቸው” አለኝ።

“ቀዩ ግን ጉልበት ይጨምራል ተባልኩ።”

“ወንድሜ፣ ገመድ ማለት ቧንቧ ነው። ቧንቧ ስለቀየርክ ጉድጓዱ ውሃ ይጨምራል? ያረጀ ቢሆን እኔው እቀይርልህ ነበር። ደህናውን አውጥተህ ሌላ ብታስገባ የምትቀይረው ቀለሙን ነው።”

እባብ ያየ በልጥ በረየ። በማግስቱ ገዛሁት።

እሁድ ጠዋት ራሴው ገጠምኩት። የድሮዎቹ ገመዶች በፕላስቲክ መያዣ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ አየር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ያየሁ እንደሆነ ደሜ ይፈላል። በእኛ ሙያ ገመድ ተሰብስቦ፣ ተጠፍሮ፣ ጥግ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የተንዘረፈፈ ገመድ የሰነፍ ምልክት ነው። መያዣዎቹን ጣልኳቸው። አራቱን ቀያይ ገመዶች አንድ ላይ አድርጌ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና ከሞተሩ ጎን አስጠጋኋቸው። እንዴት እንደሚያምር! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። በሜዳው መንገድም አንድ ዙር ወሰድኳት።

“ተሰማሽ?”

“ምኑ?”

“ጉልበቷ ነዋ!”

“እኔን የሚሰማኝ የልጅህ እርግጫ ነው” አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየጣለ፣ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ከኋላ ወንበር አስቀምጫት መኪናዋን አስነሳሁ። ሜዳውን በደህና ተሻገርን። ዳገቱን እንደጀመርን መኪናዋ መንፈራገጥ ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ይብስባታል። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከዚያ ጭራሹን ጠፋች፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

“ቆመች” አለች ባለቤቴ ከኋላ ወንበር። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ወርጄ መኪና ለመንኩ። ሁለቱ ውሃ ረጭተውኝ አለፉ፤ ሦስተኛ አልመጣም። ለመካኒኩ ደወልኩ።

“ገመዶቹን እንዴት ነው ያሰርካቸው?” አለኝ።

“አንድ ላይ። አሳምሬ።”

“ይሄ የቤት ግድግዳ አይደለም እኮ! ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ እሳቱ ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ይዘላል። ማሰሪያውን ቁረጥ፣ ለያያቸው።”

በፒንሳ ቆረጥኩ። አንደኛው ገመድ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል። ነገርኩት።

“በቀሩት ሦስቱ ትወጣለች። በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለህ። እንዳታቆማት ብቻ።”

ገብቼ መሪውን ያዝኩ፤ ቁልፉን ግን ማዞር አቃተኝ። ብትነሳስ? ባትነሳስ? እንባዬ መጣ።

“ያኛውንም የገደልኩት እኔ ነኝ” አልኳት። “ይሄንንም በገዛ እጄ...”

ምጡ እስኪያልፍላት ወንበሬን ጨምድዳ ቆየች።

“ስማኝ። ያኛው በመኪና አይደለም የሞተው።”

ዞሬ አየኋት።

“የዚያን ቀን ጠዋት ስነሳ መንቀሳቀሱን አቁሞ ነበር። ሐኪሙም ነግሮኛል። ከቤት ሳንወጣ ነው ያለቀው፤ መኪናዋ ብትበርም ያው ነበር።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ሳትነግሪኝ?”

“አንተ ኮፈን ከፍተህ የምትጠግነው ነገር ነበረህ። እሱንም ብነጥቅህ ምን ይቀርሃል ብዬ ነው። አሁን ንዳ!”

ቁልፉን አዞርኩ። እየተንዘፈዘፈችም ቢሆን ተነሳች። በአንደኛ ማርሽ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል፣ ወደ ላይ።

“ይንቀሳቀሳል?” አልኳት።

“አዎ።”

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁ። “አዎ” አለች። ሦስተኛ ስጠይቃት ግን ሆዷን በመዳፏ ዳሰሰች።

“አላውቅም። ምጡ ይሁን እንጃ፤ አላውቅም።”

እስከዚያ ድረስ የምፈራው ነገር ብረት ነበር፤ ይፈታል፣ ይቀየራል፣ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። አሁን የምፈራው በፒንሳ አይነካም። ሞተሩ ይሙት ይኑር እንኳ አልሰማውም ነበር፤ ጆሮዬ ያለው ከኋላ ነው።

ደረስን። አዋላጇ ባለቤቴን አስተኝታ የልብ ትርታ የሚያሰማውን መሣሪያ ሆዷ ላይ አደረገች። ሽሽሽ ብቻ አለ። ወደ ግራ ወሰደችው፤ ሽሽሽ። ወደ ታች ዝቅ አደረገችው። ባለቤቴ ኮርኒሱን እያየች እጄን ጨመቀችኝ። አዋላጇ ለምን አትናገርም?

ከዚያ ድንገት ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ፣ እንደሚሮጥ ሰው፣ ክፍሉን ሞላው።

ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና አለቀሰች። አዋላጇ ፈገግ ብላ መሣሪያውን ማንሳት ጀመረች።

“እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ አታንሺው” አልኳት።

“ተሰማ እኮ! እስከ መቼ ላቆየው?”

“እስኪወለድ።”